ቅጽ ቁጥር ሰባት

ከከዚራ ቢሮ ቅጽ ሰባትን ይዤ፣
ዳጋ ዲማ ወረድኩ፣ በከሰል መኪና በአቧራ ተጉዤ።
የቀበሌው ስም፤ ጻፍኩ። የአባወራ ብዛት፤
በአጥር ቆጠርኩና መቶ አርባ ሦስት አልኩ፣ በግምት።
ግመል፣ ፍየል፣ በሬ፤ ሁሉም ቁጥር አለው፤
የውሃ ጉድጓድ፤ አንድ፤ እሱም ጨዋማ ነው።
ከታች ጥግ፣ ከፊርማው በላይ፣
አንዲት ጠባብ ሣጥን ቀረችኝ፤ ቀና ስል ፀሐይ
አናቴ ላይ ቆማለች።
"ታሪካዊ ሥፍራ፣ ታዋቂ ሰው፣ ካለ ይገለጽ።"
ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ ጭኖ ጨርሷል፣ ይቸኩላል።
"የለም" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፊደል።
ፈረምኩ፤ ተሳፈርኩ፤ ቀለሙ መንገድ ላይ ይደርቃል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ጡረተኛ ነኝ፣ ማኅተም የለኝ፤
ያቺ ሦስት ፊደል ግን ጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር፣
ትወጋኛለች በተራመድኩ ቁጥር።
ኢብሳ ቆጴ ያን ቀን፣ አጥር ለአጥር እየመራኝ፣
ሁሉንም ነግሮኛል።
እኔ እቆጥር ነበር።

ከአዮ ሐሊሞ ደጅ አንድ የብረት ችካል አለ፤
ፈረንሳዊ ቀያሽ፣ "ሐዲዱ በዚህ ያልፋል" ብሎ የተከለ።
ባቡሩ ሐሳቡን ቀየረ፤ ከተራራው ማዶ አፏጨ፤
ቀያሹም ችካሉን ሳይነቅል፣ በመጣበት በቅሎ ወጣ።
የሐሊሞ እናት ፍየል አሰረችበት፤
ሐሊሞ ፍየል አሰረችበት፤
ልጇ አሁን ሞተር ሳይክሉን በሰንሰለት ይቆልፍበታል።
"ባቡር ጣቢያችን ነው" ይላሉ፣ ሳይስቁ።

ሙሜ ዓሊይ በዶማና በገመድ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍሯል፤
ስምንቱ ደረቅ። ሚስቱ ገበያ መሐል
"የአቧራ ባል አግብቼ" ትል ነበር።
በስድሳ ዘጠኝ ክረምት መድፍ ከምሥራቅ ሲያጓራ፣
መንደሩ፣ አሮጊቱ፣ አራሱ፣ ደረሳው ከነሰሌዳው፣
በስምንቱ ደረቅ ጉድጓድ አምስት ሌሊት ከረመ።
ሰው አልሞተም። እንዲያውም አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ፤
"ቦላ" አሉት፤ ጉድጓድ ማለት ነው፤ አሁን በሬ ይነግዳል።
ሚስቱም ከዚያ ወዲያ ስለ አቧራ አላነሳች።
እኔ "ጉድጓድ፤ አንድ" ብያለሁ።

ደግሞ ባለሱቁ፣ የመናዊው ሳሌም ባጁበይር፤
በሰባ ሰባት፣ ማሽላው እሸት ሳይዝ በቁሙ ሲያር፣
የዱቤ መዝገቡን ገጽ በገጽ ገንጥሎ፣
ስኳር ጠቀለለበት፣ "መጠቅለያ አልቆብኝ ነው" ብሎ።
ሰዎቹ ቤታቸው ሲፈቱት ስማቸውን አዩት፣
ዕዳቸውን አዩት፤
ስኳሩን ጣሳ ውስጥ፣ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨመሩት።
ማንም አላመሰገነውም። ማመስገን ነውር ነበር፤
አይቶ እንዳላዩ መሆን፣ እሱ ነበር ክብር።

የስሙንም ነገር ጠይቄው ነበር ኢብሳን፦
"ዳጋ ዲማ ቀይ ድንጋይ ከሆነ፣
ይኼ ግራጫ ቋጥኝ ቅላቱ የት ሄደ?"
"ሲመሽ እየው" አለኝ።
እኔ በስምንት ሰዓት ሄድኩ።

ባለፈው ወር በኮንትራት ባጃጅ ተመልሼ ወረድኩ።
ኢብሳ የለም።
(ይኼኛው "የለም" እውነት ነው።)
የልጅ ልጁ ዚያዳ፣ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣
ከቋጥኙ ፊት ለፊት አቆመችኝ።
ምዕራቡ ደመና ነው። ድንጋዩ አመድ።
ጠበቅን። አመድ።
ፍየሎቹ ገቡ፤ አዛን ተሰማ፤ አሁንም አመድ።
"ዛሬ አይሆንለትም" አለችኝ፣
ስለ ታመመ ሰው እንደሚወራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
ከኋላዬ ባጃጁ ጡሩምባ ነፋ።
ሳልዞር፣ በእጄ፣
ሂድ አልኩት።